ደሜማ ታይቷል

እንደ ሸዋ ሮቢት ሰው ደሙ የታየለት ሰው በዓለም ላይ መኖሩን እጠራጠራለሁ። በኛ ቆላ ወባ ማለት ቤቷን የለመደች ዘመድ ናት። ዝናቡ አባርቶ ውሃው በየጉድባው ሲተኛ ትመጣለች፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ትገባለች፣ ስታንቀጠቅጠን ሰንብታ ትሄዳለች። እኛም ራሳችንን ፈለጥ ሲያደርገን ጤና ጣቢያ ሄደን ጣታችንን እንዘረጋለን። ጠብ ያለችውን ደም መስታወት ላይ ቀብተው ያዩልንና ወይ "አለብህ" ወይ "የለብህም" ይሉናል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የተወጋሁት ቢደመር የግራ እጄ የቀለበት ጣት እስካሁን ጡረታ መውጣት ነበረበት። ደሜን ያላየ የላብራቶሪ ባለሙያ በከተማችን ካለ፣ እሱ ትናንት የተቀጠረ መሆን አለበት።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው "ተመርምረህ ታውቃለህ?" ሲባል ምን ይላል? "ደሜማ ታይቷል!" ይላል። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ጣጣዬ ሁሉ የጀመረው ከዚህች መልስ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ራሴ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ በኋላ የማደርገውን ሁሉ በጤነኛ ሰው ሚዛን ትመዝኑብኛላችሁ። ሥራዬ የውሃ መሳቢያ ሞተር መጠገን ነው። ከወንዝ ውሃ ስበው ሽንኩርትና ማሾ የሚያለሙ የቀወት ገበሬዎች ሞተራቸው ሲያስነጥስባቸው በባጃጅ ጭነው ወደኔ ያመጡታል። ቀኑን ሙሉ ከሚጮህ ሞተር ጋር ስለምውል ጆሮዬ ከፊል ሥራውን አቁሟል፤ በዚህም የተነሳ ቀስ ብዬ መናገር አልችልም። ለአንድ ሰው ሹክ ያልኩ ሲመስለኝ መንገድ ማዶ ያለው ሻይ ቤት ይመልስልኛል። ዕድሜዬ አርባን ካለፈ ሰነባብቷል፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሚስት አላገባሁም ነበር። ለምን እንዳትሉኝ። ታላቅ እህቴ እትዬ ሩቂያ ለዓመታት ስትጠይቀኝ ኖራ መልሱን ራሷ አግኝታዋለች፤ "ሰነፍ ስለሆንክ ነው" ትላለች።

ከዚያ ሐዋ መጣች። ስሟ ሐዋ አይደለም። ይህን ልጽፍ ስነሳ "ጻፈው፣ ይጠቅማል፤ ስሜን ብቻ ቀይረው" ስላለችኝ ነው። ገበያ ውስጥ ማሾና ሽምብራ ትሸጣለች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የአጎቷን የሽንኩርት ማሳ ታጠጣለች። ባሏ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ ልጅ የላትም። የተዋወቅነው የአጎቷን ሞተር ልታሠራ መጥታ ነው። ጨርሼ "ሁሉንም አይቼዋለሁ፣ ውሰጂው" አልኳት።

"ሁሉንም ማለት ምን ምን?" አለችኝ።

በሥራ ዘመኔ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ዘይቱን፣ ካንዴላውን፣ ፊልትሮውን ብዬ ዘረዘርኩላት። "ቫልቩስ?" አለች። ቫልቩን አላየሁትም። እያጉረመረምኩ ፈትቼ ሳየው ተቃጥሏል። ያን ቀን ነው የወደድኳት። ሌላው ወንድ በዓይኗ ወደድኳት፣ በአረማመዷ ወደድኳት ይላል፤ እኔ ቫልቭ ስትል ወደድኳት።

እትዬ ሩቂያ ወሬውን ስትሰማ እልልታዋን አቀለጠችው። ወዲያው ግን ፊቷን ኮስተር አድርጋ "አርባን ያለፈ ሰው ዝም ብሎ የሰው ልጅ ቤቱ አያስገባም። ሂድና ተመርመር" አለችኝ።

"ደሜማ ታይቷል!"

"የወባውን አይደለም የምልህ! ሙሉውን!"

እሺ ብዬ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ምን እንዳመመኝ ሲጠይቁኝ "ምንም አላመመኝም፣ ሙሉ ምርመራ ፈልጌ ነው" አልኩ፣ እንደ ትልቅ ሰው ደረቴን ነፍቼ። ግፊቴን ለኩ። ሽንት አሉኝ፣ ሰጠሁ። ሰገራ አሉኝ፣ እሱንም እንደ ምንም አምጬ ሰጠሁ። በመጨረሻ ከክንዴ ደም ቀዱ፤ አንዱ ብልቃጥ ሞልቶ ሌላው ሲተካ ሳይ "ይህን ሁሉ ደም ወስደው የማያገኙት በሽታ ካለ የሌለ በሽታ ነው" አልኩ በሆዴ። ውጤቱ በፖስታ ታሽጎ ተሰጠኝ። ስኳሬ ደህና፣ ኩላሊቴ ደህና፣ ጉበቴ ደህና። ፖስታውን የቱታዬ ደረት ኪስ ውስጥ ከትቼ ስዞር ሰነበትኩ፤ በዚያ ሰሞን ሞተር ሊያሠራ የመጣ ገበሬ ሁሉ ሳይወድ በግዱ ኩላሊቴን አንብቧል።

ሽማግሌ የሚገባበት ቀን ደረሰ። እንደ ወጉ ሽማግሌ ይላካል እንጂ አግቢው አብሮ አይሄድም። እትዬ ሩቂያ ግን "ትልቅ ሰው ነህ፣ ፖስታህን ይዘህ ና" ብላ ጎተተችኝ። የሐዋ አጎት የጋሽ አህመድ ቤት ስንደርስ ሼህ እንድሪስም አሉ። ሼህ እንድሪስ የሰፈራችንን ኒካ የሚያስሩ አባት ናቸው። አነጋገራቸው ለስላሳ ነው፤ በአንድ ነገር ግን ፍንክች አይሉም፤ የሁለቱንም የኤችአይቪ ምርመራ ሳያዩ ኒካ አያስሩም።

"ልጄ፣ ወረቀትህን ይዘሃል?" አሉኝ።

"ይዣለሁ ሼሁ! ያውም ሙሉ ምርመራ ነው!" ብዬ ፖስታውን አወጣሁ።

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነበር። ጋሽ አህመድ መነጽራቸውን ሰክተው ላይ ታች አሉበት። ከጎናቸው ያሉት ሽማግሌ እጃቸው እስከቻለ ድረስ አርቀው አዩት። ሌላው ገልብጠው ጀርባውን መረመሩ፤ ጀርባው ባዶ ነው። በመጨረሻ እትዬ ሩቂያ ነጥቃቸው በጣቷ መስመር በመስመር ስትወርድ ቆየችና በድንገት ቆመች።

"ይኸውና! ኔጌቲቭ ይላል!"

"አልሐምዱሊላህ!" አለ ቤቱ በሙሉ። ጋሽ አህመድ አቀፉኝ። ያልተሰማኝን ጭንቀት የተገላገልኩ ይመስል የኔም ዓይን እንባ አቀረረ። ተምር ቀረበ፤ አንዱን አንስቼ አፌ ውስጥ ከተትኩ።

ሐዋ ሻይ ይዛ ገብታ ነበር። በእህቴ ትከሻ ላይ አሻግራ ወረቀቱን አየችና "ይሄ የወባ ነው" አለች።

ሐዋ ትሪውን አስቀምጣ መስመሩን በጣቷ አሳየች።

"ኔጌቲቭ የሚለው ከወባው ፊት ለፊት ነው። የኤችአይቪ ምርመራ እዚህ ወረቀት ላይ የለም።"

"እንዴት አይኖርም? ስንትና ስንት ብልቃጥ ደም ወስደውብኝ!" አልኩ ከነተምሬ።

"ጠይቀሃቸዋል?"

"ሙሉ ምርመራ ብያለሁ!"

"ሙሉ ማለት ምን ምን?"

ፖስታውን ገልብጬ አራገፍኩት። "ስኳርና ኩላሊት ሲያዩ እሱ አይታይም" አለች ሐዋ ቀስ ብላ። "ለብቻው የሚሠራ ምርመራ ነው። አንተ ካልጠየቅህ ወይ እነሱ ጠይቀውህ እሺ ካላልክ አይሠሩልህም።"

"ልክ ናት" አሉ ሼህ እንድሪስ። "ሂድና ይህኑ ብለህ ተመርመር ልጄ። ሐዋም የራሷን ታመጣለች።"

"እሱ የራሱን ካወቀ በኋላ አመጣለሁ" አለችና ትሪዋን አንስታ ወጣች። እኔ ነገሯን ኩራት አድርጌ ወሰድኩት። ተምሩን እንዴት እንደዋጥኩት አላስታውስም።

ፍርሃት የመጣብኝ ቤቴ ስገባ ነው። እስከዚያ ድረስ ደሜ የታየ ሰው ስለነበርኩ አስቤበት አላውቅም። አሁን ግን ያልታየሁ ሰው ሆንኩና ያለፈ ኑሮዬ ሁሉ ተሰልፎ መጣ። በአንድ ምላጭ ሰፈሩን ሁሉ ይላጭ የነበረው የድሮ ፀጉር አስተካካይ መጣ። ካራቆሬ ላይ በጉጠት ጥርሴን የነቀለልኝ ሰውዬ መጣ። ወጣትነቴም መጣ፤ የሱን ዝርዝር ግን ለምትመረምረኝ ሲስተር እንጂ ለናንተ አልነግርም። ከሁሉ የባሰችብኝ ደግሞ ትንኝ ነበረች። የከተማውን ሰው ሁሉ ስትቀምስ አምሽታ እኔ ዘንድ የምታድረው ትንኝ ማንን ነክሳ እንደመጣች በምን አውቃለሁ?

መመርመሩስ ይሁን፣ የት? በኛ ከተማ ጤና ጣቢያ ካሉት ሠራተኞች ግማሾቹ ደንበኞቼ ናቸው፤ የቀሩት ደግሞ የደንበኞቼ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ማንም ወደማያውቀኝ ወደ ደብረ ሲና ልወጣ ወሰንኩ። ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ጥግ ይዤ አንገቴን ደፋሁ።

"አንተ ልጅ! ወዴት ነህ?"

ጋሽ አሰፋ ናቸው። የቀወት ገበሬ፣ የረጅም ጊዜ ደንበኛዬ፣ ወሬ የሚወዱ መልካም ሰው። አጠገቤ ተቀመጡ።

"ደብረ ሲና ነኝ ጋሼ። ዕቃ ልገዛ።"

"የምን ዕቃ?"

"የ... የቫልቭ!"

"እሰይ! የኔም ሞተር ቫልቭ ይፈልጋል ብለኸኝ አልነበር? አብረን እንገዛለና!"

ሸዋ ሮቢት ተቀምጦ ቫልቭ ፍለጋ ደብረ ሲና የሚወጣ ጠጋኝ ከኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ከሚኒባሱ ስንወርድ ብርዱ በስስ ሸሚዜ ገብቶ በጀርባዬ ወጣ። ጋሽ አሰፋ አዝነውልኝ ጋቢያቸውን ግማሹን ጣሉብኝና በአንድ ጋቢ ሁለት ሆነን መለዋወጫ ቤት ለመለዋወጫ ቤት ዞርን። አንዱ ባለሱቅ የምንፈልገውን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ አየንና "የውሃ መሳቢያ? እዚህ? እኛ ዘንድ እኮ ውሃው ራሱ ነው ወደ እናንተ የሚወርደው" አለን። ጋሽ አሰፋ "እውነቱን ነው" ብለው ወደኔ ዞሩ። እኔ ጥርሴን እያንቀጫቀጭኩ ጋቢውን ወደኔ ሳብኩ።

ከሰውዬው ማምለጫ ሳስብ እሳቸው ራሳቸው መፍትሔ አመጡ። "ጉልበቴን ይይዘኛል፤ እዚህ ከመጣን ጤና ጣቢያ ገብቼ ልታይ። አብረኸኝ ግባ፣ ብርዱ ይገድልሃል" አሉኝ። ገባን። ነርሷ ጉልበታቸውን አይታ መድኃኒት ካዘዘችላቸው በኋላ በጋቢው ሌላኛው ጫፍ ወዳለሁት ወደኔ ዞረች።

"አንተስ ምን ሆነህ ነው?"

ጋሽ አሰፋ በጉጉት ያዩኛል። ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ ሌላ ነገር ወጣ።

"ሙሉ ምርመራ።"

ግፊቴን ለካች፣ ስኳሬን አየች፣ ለሽንት ላከችኝ። ደስ የሚል ፊት ያላት ልጅ ነበረች። በመጨረሻ "ኤችአይቪስ? ፈቃደኛ ከሆንክ አሁኑኑ ይሠራልሃል" አለችኝ።

ልብ በሉልኝ። ሽቅብ ተጉዤ፣ በብርድ ደርቄ፣ የሌለ ቫልቭ ስፈልግ የዋልኩለት ነገር በሳህን ሆኖ ቀረበልኝ። እኔ ግን ጋሽ አሰፋን አየሁና "እኔ?! ኧረ በጭራሽ! ለምን ብዬ!" አልኩ። ልጅቱ "እሺ፣ ግዴታ አይደለም" ብላ የሚቀጥለውን ጠራች። እኔም በሁለተኛ ፖስታ ያንኑ የበፊቱን ኩላሊት ይዤ ወጣሁ። የተለወጠው ግፊቴ ብቻ ነው፤ ጨምሯል።

በመመለሻችን ጋሽ አሰፋ የገዙትን ቆሎ እያዘገኑኝ "ምነው ልጅቷን እንዲያ አስደነገጥካት?" አሉኝ። "እኔና ባለቤቴ እኮ ልጃችንን የዳርን ጊዜ፣ እነሱ ሲመረመሩ እኛስ ምን ይለየናል ብለን አብረን ተመርምረናል። ምን አለበት?"

ቀኑን ሙሉ ከሳቸው ስደብቀው የዋልኩትን ነገር እሳቸው ከቆሎ ጋር ነው የሚያወሩት። ቁልቁል እየወረድን ሙቀቱ ሲቀበለን የተሰማኝ ንዴት በራሴ ላይ ብቻ ነበር።

በማግስቱ እዚያው ከተማችን ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ነው፤ እርጉዞች፣ ሕፃን የታቀፉ እናቶች፣ በወባ የሚንቀጠቀጡ ወጣቶች። መስኮቱ ጋ ስደርስ ጎንበስ ብዬ፣ በጣም ቀስ ብዬ፣ ለሲስተሯ ብቻ በሹክሹክታ "የኤችአይቪ ምርመራ" አልኳት።

ኮሪደሩ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ግቢው ውስጥ ያለው ዘበኛም ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ፈቃደኛ ነበርኩ፣ ጠያቂም አያስፈልጋትም።

"እኔም ለሱ ነው" አለች አንዲት ነፍሰ ጡር፣ የያዘችውን ውሃ እየጠጣች። "ክትትል ስንጀምር ሁላችንንም ይጠይቁናል። ደግሞ ተራህን ጠብቅ፣ ከኔ በኋላ ነህ።"

ሰው ሁሉ ወደየጨዋታው ተመለሰ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልተጠቋቆመም። ሕዝቡን ያስቆጣው ወረፋ ማለፌ ብቻ ነበር።

ሲስተሯ በር ዘግታ አስቀመጠችኝ። ለምን አሁን እንደመጣሁ ስትጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኳት፤ ፖስታውን፣ ሁለተኛውን ፖስታ፣ የወባውን ሁሉ። "ደምህ ሺህ ጊዜ ቢታይ የሚታየው የተፈለገው ነገር ብቻ ነው" አለችኝ። ይህን ለኔ ማስረዳት አልነበረባትም። ገበሬ ሞተሩን አምጥቶ "ሁሉንም እይልኝ" ሲለኝ እኔ ራሴ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ።

"ትንኝስ?" አልኳት።

"ትንኝ ወባ እንጂ ኤችአይቪ አታስተላልፍም።"

"እኔን የምትነክሰኝን ስለማታውቂያት ነው ሲስተር።"

"ማናቸዋም አያስተላልፉም" አለች እየሳቀች። "ባለፉት ሦስት ወራት ለቫይረሱ የሚያጋልጥህ ነገር ነበር?"

"ባለፉት ሦስት ወራት ያቀፍኩት ሞተር ብቻ ነው!"

በሩ ቢዘጋም ኮሪደሩ ሲስቅ ሰማሁት። "ቢኖር ኖሮ ዛሬ ብትመረመርም ቆይተህ ደግመህ ትመጣ ነበር" አለችኝ። "ቫይረሱ እንደገባ ሰሞን ምርመራው ላያሳየው ይችላል።" ከዚያ ያችኑ የቀለበት ጣቴን ወጋችና ጠብታዋን ወሰደች። ጥቂት ጠብቅ ተባልኩ።

ያቺ ጥቂት ደቂቃ አትረሳኝም። ከሞት ይልቅ የፈራሁት ሐዋን ነው። ቢገኝብኝ ምን ብዬ ነው የምነግራት? ስነግራት ፊቷ እንዴት ይሆናል? ትነሳለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ሥራ አለብኝ ብላ ትሄዳለች። አግዳሚ ላይ ተቀምጬ በልቤ ለመንኳት። ያው እኔ ነኝ እኮ፣ ትናንት የምታውቂኝ፤ አትሂጂ ብያት ነበር።

"ነፃ ነህ" አለችኝ ሲስተሯ። ወረቀቱን ተቀብዬ አመሰገንኳት፣ ነፍሰ ጡሯንም አመሰገንኳት፣ ዘበኛውንም አመሰገንኩት።

በባጃጅ ገበያ ደረስኩ። "ሐዋ! ተመርምሬ..." ከማለቴ ሐዋ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ "ዝም በልና ተከተለኝ" አለችኝ። በሽምብራና በሽንኩርት ክምር መሀል አልፈን የአጎቷ ማሳ ዳር ወሰደችኝ፤ የጠገንኩት ሞተር ከወንዙ ውሃ እየሳበ ይጮሃል። እሱ አጠገብ አስቀመጠችኝ። ያንተ ድምፅ የሚሸፈነው እዚህ ብቻ ነው አለች። ወረቀቴን አየች፣ አጣጥፋ መለሰችልኝ።

"አልሐምዱሊላህ። አሁን የኔን ልንገርህ" አለች። "እኔ ቫይረሱ አለብኝ።"

ሞተሩ ይጮሃል።

"ባለቤቴ ከመሞቱ በፊት ይታመም ነበር። እኔም በየዓመቱ ጣቴን እወጋለሁ፣ የለብሽም ይሉኛል፣ ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ። እንዳንተው ደሜማ ታይቷል እል ነበር። የለብሽም የሚሉኝ ግን ወባውን ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሲስተር ይህንንስ ተመርምረሽ ታውቂያለሽ ባትለኝ ዛሬ አልኖርም። አሁን በየቀኑ አንድ ክኒን እውጣለሁ። ቫይረሱ በደሜ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ወርዷል። እንዲህ እስካለ ድረስ ወደ ባልሽ አይተላለፍም ብለውኛል።"

"ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?"

"ቀድሜ ብነግርህ ከኔ ትሸሽና የራስህን ሳታውቅ ትኖራለህ። መጀመሪያ ራስህን እወቅ፣ ከዚያ እንደፈለግህ ሁን ብዬ ነው።"

አሁን ጀግና ሆንኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ብድግ አልኩና "ሞተር ከፍቼ ትቼ መጥቻለሁ" ብያት ሄድኩ። አልጠራችኝም።

ሱቄ ገብቼ አንዱን ጤነኛ ሞተር ፈታሁት፣ ገጠምኩት፣ እንደገና ፈታሁት። እትዬ ሩቂያ መጥታ "ውጤቱስ? ቀኑስ መቼ ይሁን?" ስትለኝ ወረቀቴን አሳየኋት፤ የሐዋን ግን የሐዋ ስለሆነ አልነገርኳትም። እህቴ በደስታ ስትዘል አይቼ ይበልጥ ከፋኝ። እዚያ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ሐዋ ታደርገዋለች ብዬ የፈራሁትን ነገር፣ አንድ በአንድ፣ እኔ እንዳደረግሁት የገባኝ ያኔ ነው። ሥራ አለብኝ እስከማለቱ ድረስ። አፈርኩ። ፍርሃቴ ግን በማፈሬ አልለቀቀኝም።

ጠዋት ጤና ጣቢያው ሳይከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። ሲስተሯ በር ዘግታ "ምን ሆንክ?" አለችኝ።

"አንድ ጓደኛዬ አለ። ሊያገባት ያሰባት ሴት ቫይረሱ አለባት፤ መድኃኒት ትወስዳለች፣ አይታይም ብለዋታል።"

"ክኒኑን ሳታቋርጥ ከወሰደችና ቫይረሱ የማይታይ ሆኖ ከቀጠለ በግንኙነት ወደሱ አይተላለፍም" አለችኝ። "በክትትል ጤነኛ ልጅም ይወልዳሉ። ጓደኛህ ለራሱም በየጊዜው እየመጣ ይመርመር። ይልቅ አብረው ይምጡና ሁለቱንም ላነጋግራቸው።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ። ለጓደኛህ ላቡን ጥረግ በለው።"

ከሰዓት በኋላ ማሳው ዳር ሄድኩ። ሐዋ ቀሚሷን ሰብስባ አካፋ ይዛ ውሃውን ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው ታዞራለች። አየችኝ፣ ሥራዋን አላቆመችም። ሰላምታም አልሰጠችኝም። የምለውን ነገር በመንገድ ሳዘጋጅ መጥቼ ነበር፤ ይቅርታውም፣ ምክንያቱም፣ ሁሉም ነበረበት። ፊቷን ሳይ ሁሉም ጠፋብኝ።

"ሐዋ! ክኒንሽን መቼ ነው የምትውጪው?" አልኳት።

ቀና አለች። "ምን አገባህ?"

"ላስታውስሽ ነዋ! ባል ታዲያ ምን ይሠራል?"

አካፋዋን ጭቃው ላይ ተክላ ተደገፈችው። ውሃው መደቡን ሞልቶ ወደ መንገዱ መፍሰስ ጀመረ፤ ሁለታችንም አላቆምነውም። በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች፣ ጭቃ ጉንጯ ላይ ቀረ።

"ጎህ ሳይቀድ፣ ከሱብሂ ሶላት በፊት!" አለችኝ ከሞተሩ በላይ ጮኻ። "ለረመዳንም እንዲመች!"

አብረን ሲስተሯ ዘንድ ሄድን፣ የጠየቅነውን ሁሉ መለሰችልን። ሼህ እንድሪስ ሁለቱንም ወረቀት አይተው "ተነጋግራችኋል?" አሉን፤ ተነጋግረናል አልናቸው፤ ሌላ አልጠየቁንም። ኒካችን የታሰረው ረመዳን ሊገባ ሰሞን ነው። እኔም በየጊዜው እመረመራለሁ፤ መስኮቱ ጋ ስደርስ የምርመራውን ስም ጠርቼ እጠይቃለሁ፣ ኮሪደሩም ለምዶኛል። ከተጋባን ወዲህ ደግሞ ሱብሂ አምልጦኝ አያውቅም።